እኔ ማን ነኝ? ብሎ የጠየቀው ተማሪ
የራማና ማሃርሺ የሕይወት ታሪክና ትምህርት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አባቶቻችን በዐድዋ ተራሮች ላይ ስለ ነጻነታቸው ተዋግተው ድል ነሡ። በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በደቡብ ሕንድ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ሌላ ዐይነት ትግል ገጥሞ ነበር። የዐድዋን ድል ዓለም ሁሉ ሰማው፤ የዚህን ልጅ ትግል ግን በአንድ ጣራ ሥር አብሮት የሚኖረው አጎቱ እንኳ አላወቀውም። ልጁ የታገለው ከሞት ፍርሃት ጋር ነበረና ድምፅ አልነበረውም። በኋላ ግን ይህ ልጅ ራማና ማሃርሺ ተብሎ በአገሩም በውጭ አገርም ስሙ የታወቀ የመንፈስ መምህር ሆነ።

ስለ አንድ ሕንዳዊ መምህር በትምህርት ቤታችን መጽሔት መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ አይጠፋም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥትና ከዚያም በኋላ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ፤ አያሌዎቹም የመጡት ከደቡብ ሕንድ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከሚኖሩት ወላጆቻችንና አያቶቻችን መካከል በእነርሱ እጅ የተማሩ ዛሬም አሉ። ከእነርሱ ጂኦሜትሪውንና ፊዚክሱን ተቀበልን፤ ስለ አገራቸው የጥንት ጥበብ ግን እምብዛም አልጠየቅናቸውም። ይህ ጽሑፍ ያልጠየቅነውን በጥቂቱ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ነው።

ልጁ የተወለደው ታኅሣሥ 21 ቀን 1872 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 30 ቀን 1879፣ ቲሩቹሊ በምትባል የታሚል አገር ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቬንካታራማን ነበር። አባቱ ሱንዳራም አያር በአካባቢው ፍርድ ቤት ለባለጉዳዮች እየተከራከሩ የሚኖሩ ጠበቃ ሲሆኑ፣ እናቱ አላጋማል ይባላሉ። ቤተ ሰቡ ከካህናቱ ወገን፣ ከብራህሚኖች ነው። አገሪቱ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር ነበረች።

አባትየው በ1884 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ማዱራይ ወደምትባለው ትልቅ ከተማ ሄዶ በአጎቱ ቤት ተቀመጠ፤ በአሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ተማሪ ቤትም ገብቶ እንግሊዝኛ ይማር ጀመር። ጎበዝ ተማሪ ነበር ማለት አይቻልም። አንድ ጊዜ የሰማውን የሚይዝ አእምሮ ስለ ነበረው ብዙ ማጥናት አይወድም፤ ልቡ ያደላው ለእግር ኳስ፣ ለትግልና ለዋና ነበር። እንቅልፉም እጅግ የከበደ ነበር። በቀን በጉልበት የማይችሉት ጓደኞቹ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ተሸክመው ወስደው እንደ ልባቸው ደብድበውት ሲመልሱት ምንም አይሰማውም ነበር ይባላል።

የልጁን ሕይወት የለወጠው ነገር የደረሰው በሐምሌ ወር 1888 ዓ.ም. ነው። በአጎቱ ቤት ፎቅ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፣ ሕመም ሳይኖርበት፣ እሞታለሁ የሚል ብርቱ ፍርሃት በድንገት ያዘው። ሐኪም አልጠራም፤ ሽማግሌም አላማከረም። የሚሞተው ምን እንደ ሆነ እዚያው ሊመረምር ቆረጠ። እንደ ሬሳ ተጋድሞ እጅና እግሩን ዘረጋ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ከንፈሩንም ገጠመ። ከዚያም ራሱን ጠየቀ። ይህ ሥጋ እነሆ ሞቷል፤ ሰዎችም ተሸክመው ወስደው ያቃጥሉታል። ታዲያ ሥጋው ሲሞት እኔም ሞትሁ ማለት ነውን? ሥጋው እንደ ደረቀ ግንድ ተጋድሞ ሳለ፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው እኔነት ግን በውስጡ ሕያው ሆኖ አገኘው። ሞት ሥጋን እንጂ ይህን እኔነት አይነካውም ብሎ ደመደመ። ይህም ሐሳብ ብቻ ሳይሆን በግልጽ ያየው ነገር እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል። ከዚያች ቀን ወዲህ የሞት ፍርሃት አልተመለሰበትም።

ከዚህ በኋላ የልጁ ጠባይ ተለወጠ። ቀድሞ ቢነኩት የሚማታው ልጅ ቢበደልም ዝም የሚል ሆነ፤ የቀረበለትን ምግብ ሳይመርጥ በላ፤ ከኳሱ ይልቅ ማታ ማታ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዶ ብቻውን መቆም አበዛ። በትምህርቱም እየሰነፈ ሄደ። ከዕለታት አንድ ቀን አስተማሪው የሰዋስው ትምህርቱን ስላላጠና አንዱን ክፍል ሦስት ጊዜ እንዲገለብጥ ቀጡት። ሁለት ጊዜ ጽፎ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ገፍቶ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ይህን ያየው ታላቅ ወንድሙ፣ እንደዚህ ለሚሆን ሰው መጽሐፍና ቤት ምን ያደርግለታል ብሎ ገሠጸው። ልጁ ግሣጼውን ሰምቶ እውነት ነው አለ፤ ነገር ግን ወንድሙ እንዳሰበው ወደ መጽሐፉ አልተመለሰም።

ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከአንድ ዘመድ አሩናቻላ ስለሚባል ቅዱስ ተራራ ሰምቶ ነበር፤ ስሙ ብቻ ልቡን አንቀጥቅጦት ነበር። ስለዚህ ነሐሴ 24 ቀን 1888 ዓ.ም. ልዩ ትምህርት አለብኝ የሚል ምክንያት ፈጥሮ ተነሣ። ወንድሙም ነገሩን ሳያውቅ ለትምህርት ክፍያ 5 ሩፒ ይዞ እንዲሄድ ነገረው። ልጁ ለመንገዱ የሚበቃውን 3 ሩፒ ብቻ ወስዶ 2ቱን ከአጭር ደብዳቤ ጋር ትቶ ሄደ። በደብዳቤው አባቴን ፍለጋ በእርሱ ትእዛዝ ሄጃለሁና ማንም አይዘን፣ ለመፈለጊያም ገንዘብ አይውጣ የሚል መልእክት ነበረበት። የሚያስደንቀው ግን ደብዳቤው እኔ ብሎ ጀምሮ ወዲያው ራሱን ይህ ብሎ መጥራቱ፣ በፊርማውም ስፍራ ስም ሳይኖር አንድ ሰረዝ ብቻ መሰመሩ ነው። ስሙን ከቤቱ ጋር ትቶት ሄዶ ነበርና።

ገንዘቡ እስከ መጨረሻው አላደረሰውም። ጥቂቱን በምድር ባቡር፣ ጥቂቱን በእግሩ እየተራበ ተጓዘ። በመንገድ ላይ የወርቅ የጆሮ ጌጡን በ4 ሩፒ አስይዞ እንደገና ባቡር ተሳፈረና ነሐሴ 27 ቀን በአሩናቻላ ግርጌ ካለችው ከቲሩቫናማላይ ከተማ ደረሰ። እዚያም የቀረችውን ገንዘብ ከውሃ ጣላት፤ ጠጉሩን ተላጨ፤ የወገኑን ክብር የሚያሳየውን የብራህሚን ክር ከአንገቱ አወለቀ፤ ልብሱንም ቀዶ ከወገቡ የምትታጠቅ ብጣሽ ጨርቅ ብቻ አስቀረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ 53 ዓመት ከዚያ ተራራ አልራቀም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ የከበዱ ነበሩ። በትልቁ ቤተ መቅደስ አዳራሽ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበት ነበር። ከእነርሱ ሸሽቶ ከምድር በታች ወዳለች ጨለማ ክፍል ገባ። በዚያም ጉንዳንና ሌላም ተባይ እግሩን እየበላ ሲያቈስለው በሐሳቡ ጠልቆ አላስተዋለውም፤ ሰዎች ተሸክመው አወጡት፤ ጠባሳውም ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ኖረ። ምግብም ከአፉ የሚያስገቡለት ሌሎች ነበሩ። እንግዲህ እውነቱን ለመናገር፣ የማያውቁት ደጋግ ሰዎች ባይደርሱለት ኖሮ ይህ ልጅ በሞተ ነበር። ማንም ብቻውን ቅዱስ አይሆንም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመዶቹ ያለበትን አወቁ። በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. እናቱ ከታላቅ ልጃቸው ጋር መጡ። ፀጉሩ ተጐሳቍሎ፣ ሰውነቱ ቈሽሾ ባዩት ጊዜ አለቀሱ። ቀን በቀን ምግብ እየሠሩ እየወሰዱ ወደ ቤት እንዲመለስ ለመኑት፤ እርሱ ግን አንዲት ቃል አልመለሰም። በመጨረሻ በአጠገቡ የነበሩ ሰዎች በልመናው ብርታት አዝነው ወረቀትና እርሳስ ሰጡት። የጻፈውም የሰው ሁሉ ዕጣ በፈጣሪ እጅ እንደ ሆነ፣ የማይሆነው ቢደክሙለት እንደማይሆን፣ የሚሆነውም ቢከለክሉት እንደማይቀር፣ ስለዚህም ዝም ማለት እንደሚሻል ነበር። እናቲቱ እያለቀሱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለእናት አንጀት ይህ መልስ ምን ያህል መራራ እንደ ነበረ ወላጆቻችን ያውቁታል። የታሪኩ ፍጻሜ ግን ይህ አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ልጁ አድጎ ለሌላው መምህር ሆኗልና ታሪኩን በአንቱታ እንቀጥላለን። ከ1891 ዓ.ም. አንሥቶ ተራራው ላይ ቪሩፓክሻ በምትባል ዋሻ ለ17 ዓመት ያህል ኖሩ። በ1894 ዓ.ም. ሲቫፕራካሳም ፒላይ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ መጥተው እኔ ማን ነኝ? ከሚለው ጀምሮ ብዙ ጥያቄ አቀረቡላቸው። መምህሩ በዚያን ጊዜ ስለማይናገሩ መልሱን በጽሑፍ ሰጡ። ይህ በኋላ ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ጋናፓቲ ሙኒ የሚባሉ የሳንስክሪት ሊቅ ከመምህሩ ዘንድ ቀርበው ከተማሩ በኋላ ራማና ማሃርሺ ብለው ሰየሟቸው። ማሃርሺ ታላቅ ባለ ራእይ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ ትምህርታቸው ምን ነበር? የሂንዱ ሊቃውንት አድቫይታ የሚሉት ጥንታዊ ትምህርት አለ። ትርጓሜው ሁለት ያልሆነ ማለት ነው። መሠረቱ ኡፓኒሻድ የተባሉት መጻሕፍት ሲሆኑ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሻንካራ የሚባለው ሊቅ አስፋፍቶ ተርጕሞታል። እንደዚህ ትምህርት የሰው የውስጡ እውነተኛ ማንነትና የፍጥረት ሁሉ መሠረት የሆነው ነገር ሁለት አይደሉም። ውሃ መቅጃ እንስራ ባዶውን ቢቀመጥ በውስጡ ያለው ክፍት ቦታና በውጭ ያለው ክፍት ቦታ የተለያዩ ይመስላሉ፤ እንስራው ቢሰበር ግን ድሮም አንድ እንደ ነበሩ ይታያል። የሰው ልጅም በሥጋውና በስሙ ተከልሎ ራሱን ለብቻው የቆመ አድርጎ ያያል ይላሉ።

ራማና ይህን ከመጽሐፍ አልጀመሩትም፤ መጻሕፍቱን ያነበቡት በኋላ ነው። ሲያነቡም አስቀድመው ያዩትን ነገር ስም አገኙለት እንጂ አዲስ ነገር አልተማሩም። ለሚጠይቋቸው የሰጡት መንገድም አጭር ነበር። ቍጣም ይሁን ፍርሃት፣ ምኞትም ይሁን ኀዘን፣ አንድ ሐሳብ ሲመጣ ሐሳቡን እየተከተሉ ከመሮጥ ይልቅ ይህ የመጣው ለማን ነው? ብሎ መጠየቅ። መልሱ ለእኔ የሚል ይሆናል። ያን ጊዜ ይህ እኔ የሚለው ማን ነው? ብሎ ወደ ምንጩ መመለስ። እኛም በዕለት ንግግራችን እጄ፣ ሰውነቴ፣ ሐሳቤ እንላለን፤ ቤቴ የሚል ሰው ቤቱን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሰውነቴ የሚለውም ሰውነቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ባለቤቱ ማን ነው? መምህሩ ይህን ጥያቄ በአፍ የሚመለስ የፈተና ጥያቄ አድርገው አልሰጡም። ሬሳ ሲቃጠል እሳቱን የሚቈሰቍሱበት እንጨት በመጨረሻ ራሱም እንደሚቃጠል፣ ጥያቄውም ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ካጠፋ በኋላ ራሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጸጥታ ነው ይሉ ነበር። ሌላም ምሳሌ ነበራቸው። በሲኒማ መጋረጃ ላይ እሳት ቢነድ መጋረጃው አይቃጠልም፤ ጎርፍም ቢታይ አይርስም። እንዲሁ ደስታና መከራ በሚፈራረቁበት በሰው ውስጥ የማይነካ ነገር አለ ይላሉ።

ይህን መንገድ ለማይችል ደግሞ ራስን ሙሉ በሙሉ ለእግዚአብሔር አሳልፎ መስጠት እንደሚበቃ ያስተምሩ ነበር። ፈጣሪና ፍጡር ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያስተምሩን የክርስትናና የእስልምና አባቶቻችን ከአድቫይታ ጋር በዚህ እንደማይስማሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዓለም ርቆ፣ ጥቂት በልቶ፣ ዝም ብሎ የሚኖር ባሕታዊ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በእምነት ብንለያይም ሰውየውን በሥራው ልንመዝነው እንችላለን።

የመጀመሪያው ሚዛን እናታቸው ናቸው። አላጋማል ሊጠይቋቸው ተመላልሰው ሲመጡ፣ በ1906 ዓ.ም. በብርቱ ትኵሳት ታመው ወደቁ፤ ያን ጊዜ ቀንና ሌሊት ያስታመሟቸው እኒያ ዝም ብለው የሸኟቸው ልጃቸው ነበሩ። በ1908 ዓ.ም. ደግሞ እናቲቱ ጠቅልለው ከተራራው ገብተው ለሚሰበሰበው ሰው ምግብ ማብሰል ጀመሩ። ግንቦት 11 ቀን 1914 ዓ.ም. በሞት ሲያጣጥሩ ልጃቸው አንድ እጃቸውን በደረታቸው፣ አንዱን በራሳቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻዋ እስትንፋስ ለሰዓታት ሳይነሡ አጠገባቸው ተቀመጡ። መቃብራቸው ከተራራው ግርጌ ሆነ። መምህሩም ከዚያው ዓመት በኋላ ወርደው እዚያው ቀሩ፤ በመቃብሩ ዙሪያ የተሠሩት ጎጆዎች አድገው ዛሬ ድረስ ያለው ራማናስራማም የተባለው ገዳም ሆኑ። ስለዚህ የገዳሙ መሠረት የእናት መቃብር ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ሌቦች ናቸው። ሰኔ 19 ቀን 1916 ዓ.ም. ሌሊት ገንዘብ አለ ብለው ያሰቡ ሌቦች ገዳሙን ሰበሩ። መምህሩ ገብተው የፈለጉትን እንዲወስዱ በሩን አስከፈቱላቸው። ሌቦቹ ግን የሚወጣውን ሁሉ በበትር ይመቱ ነበርና እርሳቸውንም ጭናቸው ላይ መቷቸው። አንድ ተማሪ ብረት አንሥቶ ሊከላከል ቢነሣ፣ እነርሱ ሥራቸውን ይሥሩ፣ የእኛ ሥራ መታገሥ ነው ብለው ከለከሉት። የተዘረፈው ንብረት ከጥቂት ሩፒ አላለፈም።

ሦስተኛው ሚዛን የዕለት ኑሯቸው ነው። ሰው ሁሉ እየሰገደላቸው ሳለ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ከማድ ቤት ገብተው አትክልት ይከትፉ ነበር። ከሌላው የተለየ ምግብ አይቀበሉም፤ አንድ ነገር ቢመጣላቸው ለሁሉ ይከፈል ይላሉ። የተጣለ ቍራጭ ወረቀት ለቅመው ደብተር ይሰፉ ነበር። ውሾች፣ ጦጣዎችና ሽኮኮዎች ከእግራቸው አይለዩም። ላክሽሚ የምትባል ላም በ1940 ዓ.ም. ስትሞት አጠገቧ ተቀምጠው ራሷን እየዳበሱ ሸኟት፤ ዛሬም በገዳሙ ግቢ መቃብሯ ይታያል።

ዝናቸው የተስፋፋው እንግሊዛዊው ደራሲ ፖል ብራንተን በ1923 ዓ.ም. ጎብኝቷቸው ስለ እርሳቸው በመጽሐፍ ከጻፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳኛውም ገበሬውም፣ ሕንዳዊውም አውሮፓዊውም እየመጣ በአዳራሻቸው ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር። ለትምህርታቸው ክፍያ አልጠየቁም፤ ከሃይማኖትህ ውጣ ብለውም ማንንም አላሳመኑም።

ለእኛ ለተማሪዎች ትልቁ ቁም ነገር ግን ይህ ነው። ቤትና ሥራችንን ትተን እንደ እርስዎ እንመንኩስ ብለው ለሚጠይቋቸው ብዙ ሰዎች መልሳቸው አይሆንም የሚል ነበር። ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ዱር ቢሄድ አእምሮውን አብሮት ይዞት ይሄዳል፤ መጣል ያለበት ቤቱ ሳይሆን እኔ እኔ ባይነቱ ነው፤ ይህም በቢሮም በማድ ቤትም ይቻላል ይሉ ነበር። እኒህ በ16 ዓመታቸው ከቤት የጠፉ ሰው ሌላውን ወደ ቤቱ መለሱት።

በ1941 ዓ.ም. በግራ ክንዳቸው ላይ እባጭ ወጣ። ካንሰር ነበር። ሐኪሞች አራት ጊዜ ቀደዱት፤ አራት ጊዜም ተመለሰ። ክንዱ ይቈረጥ ሲሏቸው አልፈቀዱም። የሚወዷቸው ሰዎች ትተውን ሊሄዱ ነው ብለው ሲያለቅሱ፣ ወዴት እሄዳለሁ፣ እዚሁ አይደለሁምን ብለው አጽናኗቸው። ሕመሙ በበረታበት ጊዜ እንኳ ከሩቅ የመጣ ሰው ሳያያቸው እንዳይመለስ በሩ እንዲከፈት አዘዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን ኤፕሪል 14 ቀን 1950፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ፣ በውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ የአሩናቻላን መዝሙር ሲዘምር ዐረፉ። 70 ዓመታቸው ነበር። በ16 ዓመታቸው ተጋድመው የመረመሩትን ሞት በ70 ዓመታቸው በእውነት ሲገናኙት አልደነገጡም። ትምህርታቸው የተፈተነው በዚህ ነው፤ በፈተናውም አልወደቁም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እኛም ዛሬ በዚያ ልጅ ዕድሜ ላይ ነን። ውጤት ሲወጣ፣ ጓደኛ ሲያዋርደን፣ ወዳጅ ዘመድ ሲሞትብን የሚይዘንን ፍርሃት ለማንም አንናገረውም። ሒሳብና ሳይንስ ስለ ዓለም ብዙ ያስተምሩናል፤ ይህን ሁሉ የሚማረው ማን እንደ ሆነ ግን እያንዳንዱ ራሱ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ነው። ለመጠየቅ ከቤት መጥፋት፣ እናትን ማስለቀስ አያስፈልግም፤ ይህንም ያስተማሩን ያን መንገድ የሄዱበት እኒያው ሰው ናቸው። ከፍርሃቱ መሸሽ ትቶ፣ የሚፈራው ማን ነው? ብሎ ለአንድ አፍታ ዝም ማለት ግን ለማንኛችንም የሚቻል ነው።